ሳሪዬ፣ የእቃ ማጠቢያሽ ውሃ ወረደ

ሳሪዬ፣ እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ይህ ለሞተ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ላንቺ ግን በሌላ ቃል መጀመር አቃተኝ። ከተለየሽን ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ነው። “ወባ ነው፣ በኪኒን ይለቀኛል” ያልሽው ትኩሳት አልለቀቀሽም።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ምግብ ቤትሽ ተዘግቶ ከረመ። አጎታችን ጋሽ ታዬ እንደሰሙ ከአዲስ አበባ በረው መጡ። የቸርች ሰዎች ግቢውን ሞሉት። እዚህ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈራችን ውስጥ ይህን ያህል ሐበሻ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔን ግን ምንም አላስነኩኝም። ብርጭቆ ላነሳ ስል እንኳ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር “ቁጭ በል የኔ ልጅ፣ ሐዘንተኛ አይሠራም” ይሉኛል። ያ ሁሉ ጠያቂ የበላበትን ሳህን ፍርፋሪውን ሳያራግፉ ወደ እቃ ማጠቢያው ማሽን ከተቱት። ማሽን አይደል፣ ራሱ ይጨርሰዋል ብለው።

ማሽኑን የገዛሽ ቀን ትዝ ይልሻል? አንድ የውጭ ድርጅት ጁባን ለቆ ሲወጣ እቃውን ሲሸጥ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረሽ ስታጥቢ ጣቶችሽ በሳሙና ተሰነጣጥቀው ስለነበር “ሳህን የማጠብ ዘመኔ አበቃ!” እያልሽ ግቢው ውስጥ ጨፈርሽ። ጄኔሬተሩን አስነስተን ወለሉ ላይ ተቀመጥንና የተዘጋ በሩን እንደ ቴሌቪዥን አፍጥጠን አየነው። ምንም አይታይም ነበር። ግን እስኪጨርስ አልተነሳንም።

ለቅሶው ሲያበቃ ሽታው መጣ። የከረመ ሊጥ ዓይነት ነው፤ ግን ከሊጥም የባሰ። በሩን ስከፍት ከታቹ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። ጋሼ አፍንጫቸውን ይዘው “እንዲህ ሆኖ ነው ብቻህን ቤት የምትይዘው? ይሄን አውጥተን እንጥላለን፣ ቤቱን ለባለቤቱ እናስረክባለን፣ አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ” አሉ። ትምህርቴን ልጨርስ የቀረኝ ይህ ዓመት ብቻ ነው። ደግሞም አንቺ ያለሽው እዚህ ነው፤ ከጀበል ኩጁር ተራራ በታች አፈርሽ ገና አልደረቀም። አንቺን ማን ጋ ትቼ ነው የምሄደው?

አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። “ሽታው ከጠፋ እስከ ፈተናህ ትቆያለህ” አሉኝ። የሚጠፋ አልመሰላቸውም።

ሶኬቱን ነቅዬ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ደፋሁ። የታችኛውን የሳህን መደርደሪያ አወጣሁ። ከሥሩ ያለውን ወንፊት አዙሬ ስነቅለው የጠያቂው እንጀራ ሁሉ እዚያ ቦክቶ ተለጥፏል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ ውስጡን በአቼቶ አጠብኩት። ሲሸተኝ የሰነበተው የለቅሶሽ እንጀራ መሆኑን ሳስብ እጄ ቆመ። እዚያው አለቀስኩ። ጋሼ ማሽኑ አቅቶኝ ያለቀስኩ መስሏቸው “ተወው በቃ” ብለው የአውሮፕላን ትኬት ሊጠይቁ ወደ ጁባ ታውን ወጡ።

አስነሳሁት። ሽታው ቀንሷል፤ ውሃው ግን አሁንም አልወርድ አለ። ከዚያ ማሽኑን ከግድግዳው ስስበው ነገሩ ገባኝ። ለለቅሶ ፍራሽ ሲያነጥፉ ቦታ ጠቧቸው ወደ ኋላ ገፍተውታል፤ የፍሳሹ ቱቦ ታጥፎ ታንቋል። አንቺ ቱቦውን ከፍ አድርገሽ ያሰርሽበት ገመድም የለም። “መሬት ላይ ከተኛ ቆሻሻው ውሃ ተመልሶ ይገባል” ብለሽኝ ነበር። ገመድ ልፈልግ ግቢ ስወጣ የኒም ዛፉ ላይ ታስሮ አየሁት። የለቅሶሽን ሸራ ወጥረውበት ኖሯል፤ ሸራው ሲነሳ እሱ ተረሳ። ፈትቼ አመጣሁትና ቱቦውን አቃንቼ እንዳንቺ አሰርኩት። ውሃው እያጉረመረመ ወረደ።

ጋሼ ሲመለሱ የማሽኑን በር ከፍተው ጭንቅላታቸውን አስገብተው አሸተቱ። ማታ እትዬ አስቴርን አስጠርተው “አደራ፣ እስከ ፈተናው” ሲሏቸው ሰማሁ።

ስለዚህ አለሁ። ግን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ወጡ እንዳንቺ አይጥምልኝም። ከፈተናው በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም። አንዳንዴ ጋሼ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም እላለሁ። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ፦ እሑድ ከቸርች ስወጣ አንቺ ጋ እመጣለሁ፤ መቃብርሽን ሣር አይውጠውም። ያቺን የተሰነጣጠቀች እጅሽንም አልረሳትም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ጋሼ በሄዱ ማግስት ብቻዬን ነቃሁ። ሻይ ጣድኩና የምግብ ቤቱን በር ከፈትኩ። መጀመሪያ የገባው ሞተረኛው ደንበኛሽ ዴንግ ነበር። ድንበር ላይ፣ ኒሙሌ ከተማ ከርሞ መምጣቱ ነው፤ አልሰማም። እየሳቀ “ሳራ ፊ ዌን?” ብሎ በዐረብኛው የት እንዳለሽ ጠየቀኝ፤ ዛሬም ተኝታ ይሆናል ብሎ በጓሮው በር አሻግሮ እያየ። እስከዚያ ቀን የትም ስገባ መርዶሽን ሌላ ሰው ነበር የሚናገርልኝ። አሁን ከጎኔ ትልቅ ሰው የለም። ሄልሜቱን ተቀበልኩት፣ ወንበር ሳብኩለት፣ ሻዩን ቀዳሁለት። ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት።