ቤት ድረስ የሚመጣ ይቅርታ

ልጄ ኢክላስ፣ አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሱቁ ጣሪያ ተጠግኗል። ወንድምሽ ፈይሰል አንቺ ጋ ሰንብቶ ከደወሌ መጥቶ ነበር፤ እስካሁን መብራት አብርተሽ እንደምትተኚ ነገረኝ።

እኔ ታምሜ ሆስፒታል ሳለሁ ያስገቡሽ የመንግሥት ሕፃናት ማሳደጊያ ጉዳይ ተነሥቷል። ባለፈው ሳምንት ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው፣ «ልጆቻችሁ መደብደባቸውን አምነናል፤ ካሳ እንሰጣለን፤ ተነሡና ይቅር ብለናል በሉ» አሉን። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔ ቁጭ አልኩ። ኃላፊው «ምነው እናቴ?» ሲለኝ፣ «መብራት ሳታጠፋ የምትተኛው ልጄ ናት፤ እኔ በምን አፌ ይቅር እላለሁ?» አልኩት። «ደግሞስ በእናንተ በሶማሌዎች ደንብ፣ የበደለ ሰው ሐል የምትሉትን የዕርቅ ካሳ ይዞ ተበዳዩ ቤት ይሄዳል እንጂ ተበዳዩን ይጠራል እንዴ?» ስለው፣ «እንግዲያውስ እኛው እንመጣለን» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ይመጣሉ። ያኔ እደውልልሻለሁ፤ አደራ ልጄ፣ ስልክሽን አንሺ። እነሱ ይናገሩ፤ አንቺ መልስ የለብሽም። ዝም ካልሽም ዝምታሽን ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አልዘጋውም።

አላህ እንቅልፍሽን ይመልስልኝ።

እናትሽ