ሠላሳ ቀን ማስታመም ስላልቻሉ እንግዶቼ

ለተከበሩ የከተማችን የእንግዳ ማረፊያዎች ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ክፍሌ ከመታሸጓ በቀር ደህና ነኝ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ያማረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ እንቅልፉን፣ ጉዳዬ ስለ እሱ ነውና።

እኔ ከሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የጓሮ ክፍሌን በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሰዎች ለሁለትም ለአምስትም ቀን ሳከራይ ኖሬአለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ተቆጣጣሪዎ መጥተው፣ ከሠላሳ ቀን ላነሰ ጊዜ ያለ ፈቃድ ማከራየት መከልከሉን በትሕትና አስረድተው ክፍሏን አሸጉልኝ። ውስጧ የነበረችውም፣ ትንሽ ልጇ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሆስፒታል የተኛባት እናት፣ ጓዟን ሸክፋ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የምታድረው በሆስፒታሉ መተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ፈጣን መፍትሔ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን ከእግርዎ ሥር ወድቄ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ደንቡን ለማክበር ስል እናትየዋን ሠላሳ ቀን እንድትቆይ ለመንኳት። እሷ ግን ልጄ ቶሎ ይዳንልኝ ብላ ድርቅ አለች። እንዲህ ያለች ሕግ የማታውቅ ሴት! ቢሮዎ ለሐኪሞቹ ደብዳቤ ጽፎ ሕመሙን ቢያስረዝምልን ሁላችንም ከደንቡ ጋር እንታረቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ ለፈቃዱ ከተጠየቅኳቸው ነገሮች መካከል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ፣ ለሦስት መኪና የሚበቃ ማቆሚያ እና የከተማዋን የመዝናኛ ሥፍራዎች የሚያሳይ ካርታ ይገኙበታል። ጠረጴዛስ የስፌት መኪናዬን ገፋ አድርጌ አላጣም። በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች የሚያቆሙትን መኪና ግን ከየት ላምጣ? ካርታውንም ቢሆን እንግዶቼ የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው፤ አስፋልቱን ተሻግሮ እስከ ሕሙማን ክፍል።

ሦስተኛ፤ ዘመድ ማሳደር እንዳልተከለከለ ተቆጣጣሪዎ ስለነገሩኝ፣ እናትየዋ እህቴ ናት አልኩ። ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ክቡርነትዎ፣ ልጁ ቀዶ ጥገና ክፍል በገባ ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘን አልቅሰናል፤ ከዚህ የበለጠ ዝምድና በየትኛው መስኮት እንደሚመዘገብ ይጠቁሙኝ። እዚህ ላይ ተናድጃለሁ፤ ትሕትናዬ ቢያንስብዎ ይቅርታ።

ቢሮዎ የጎረቤትን ጸጥታ አስቦ ደንቡን ማውጣቱ ይገባኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ በሚጨፍሩ ተከራዮች ፍዳቸውን ያዩ ሰፈሮች እንዳሉም ሰምቻለሁ። የእኔ እንግዶች ግን ሲያስነጥሱ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ ናቸው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ከሆስፒታል እስኪወጣ ክፍሏ ትከፈትልኝ። ያ ባይሆን እናትየዋ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የምትተኛው ከእኔው ጋር፣ በራሴ አልጋ ላይ ነው። ይህን የሚከለክል አንቀጽ ካለ፣ እባክዎ ራስዎ መጥተው ቀስቅሰው ያንብቡላት።

የቢሮዎን ማኅተም በየማለዳው በገዛ በሬ ላይ እጅ የምነሳ፣ አንደበቴ ገና ያልታሸገብኝ ታዛዥዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የጓሮዋ በር በእጀታዋ ከፍ ካልተደረገች ብትገፋም አትከፈትም፤ ይህን የሚያውቀው ውስጧ ያደረ ሰው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዎ ማንም ሳይነግራቸው ከፍ አድርገው ገፏት። ያኔ ነው ያወቅኳቸው፤ ባለቤታቸው በምጥ ተይዘው ሆስፒታል የገቡ ጊዜ ያደሩት እዚያችው ክፍል ነበር፣ ሠላሳ ቀንም አልሞሉም። እባክዎ እንዳይቀጧቸው፤ ይልቅስ ሕፃኗ ደህና አድጋ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።