ግራ እጃቸውን ያነሱ ልጆች

ሰኞ፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፶፮

ቅጹ መጣ። አራት ገጽ ነው። ከላይ «የመምህራን አሠልጣኝ የራስ ማሻሻያ ዕቅድ» ይላል። ዲሬክተሩ አቶ መኰንን ሲሰጡኝ፣ ከማሠልጠኛችን ለቤይሩቱ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚታጨው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም እኔ እንደሆንሁ ነገሩኝ። ቅጹ ግን በዓርብ ባቡር አዲስ አበባ መሄድ አለበት። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጻፍ፤ እዚህ ማን ያየኛል።

«ያለኝ ችሎታ» የሚለውን እስከ ምሳ ሞላሁ። ገጹ አልበቃኝም፣ ጀርባውንም ያዝሁ። «የጎደለኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «እንግሊዝኛዬን ማሻሻል» ብዬ ጻፍሁ። ሰረዝሁት። እንግሊዝኛው ደካማ ነው ብለው ቢያስቀሩኝስ?

አንድ ጣጣ አለው። ቀድሞ ያሠለጠንሁትን አንድ መምህር ሲያስተምር አይቼ፣ ከእኔ ከተማረው ምን እንደያዘ መጻፍ አለብኝ። ታደሰን መረጥሁ። ከድሬ ወጣ ባለችው መንደር፣ ዋሂል ነው ያለው፤ ሁለተኛ ክፍል ያስተምራል። ከሠልጣኞቼ ሁሉ እንደሱ የሚሰማኝ አልነበረም። ባለቤቴ የሺ «የሚያሞግስህን መርጠህ ልትሄድ ነው» አለችኝ። ታዲያ የሚሰድበኝን ልምረጥ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፬

ሙቀቱ አናት ይበሳል። የዋሂል መኪና የሚነሣው ነገ ነው። ዛሬ «የሚቀጥሉት ዓመታት ዕቅድ»፦

ቤይሩት።

ስለ ሠርቶ ማሳያ ትምህርት አንድ መጽሐፍ መጻፍ።

ምክትል ዲሬክተርነት። (ይህን ቅጹ ላይ አልጽፈውም፤ ለራሴ ነው።)

የጎደለኝ፦ አሁንም ባዶ። የሺ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ገበያ ሄዳ ነበር። ሻንጣ ስታይ ዋለች። ገና ነው፣ አትቸኩይ አልኋት። እኔው ግን ስለ ቀለሙ ጠየቅኋት።

ረቡዕ፣ ግንቦት ፭

ዋሂል ነኝ፣ ታደሰ ቤት። ይህን የምጽፈው እሱ ደብተር ሊያርም በወጣበት ነው።

ክፍሉ ጠባብ፣ ንጹሕ። የግርማዊነታቸው ሥዕል ከሰሌዳው በላይ። ትምህርቱ ቅነሳ፦ ሃምሳ ሁለት ሲቀነስ ሃያ ሰባት። ታደሰ «ማን ይነግረኛል?» ሲል የክፍሉ እጅ ሁሉ ባንዴ ተነሣ። አንድም የቀረ የለም። ልቤ ሞላ። ይኸው፣ የእኔ ልጅ አልሁ።

ከዚያ እጆቹን አየኋቸው። ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ነው።

ያ የእኔ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ገና ልጆች ሳስተምር፣ ተቆጣጣሪ ሊያየኝ ሲመጣ፣ በዋዜማው ልጆቹን ሰብስቤ፣ የሚያውቅ ቀኙን የማያውቅ ግራውን ያንሣ፣ ማንም ግን እጁን እንዳያስቀምጥ ብዬ መክሬአቸው ነበር። ቀኝ ቀኙን እየጠራሁ አለፍሁ። ተቆጣጣሪው አጨበጨበልኝ። ለሠልጣኞች አላስተማርሁትም፤ በሻይ ሰዓት እንደ ቀልድ አጫወትኋቸው እንጂ። የሳቁት ሳቅ ትዝ ይለኛል።

የፊት ወንበር ላይ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ቀኟን አነሣች። ታደሰ ጠራት። ቆመች፤ ዝም። ደግሞ ጠየቃት፤ ዝም። ፊቱ ደም ለበሰ። ደወል ሲደወል ወደ ውጭ ወሰዳትና መዳፏን በማስመሪያ ሦስት ጊዜ መታት። የማታውቂ ከሆነ ግራሽን አላልሁሽም እያለ።

በኋላ የክፍሉ ልጆች ሲያወሩ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤቷ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስትጫወት አባቷ ግራ እጇን ስታነሣ አይቶ ተቆጣ። ግራ እጅ ለመታጠቢያ ነው እንጂ ለአስተማሪ አይነሣም ብሎ ከለከላት። ልጅቱ አባቷን ሰማች፤ ስለሰማችም ተመታች።

ታደሰ አንዳች አላፈረም። «ጋሼ፣ ከእርስዎ የተማርኩት እኮ ነው። እዚህ አካባቢ ያለነው ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለኝ።

ሁላችንም። ዘጠኝ ዓመት ካስተማርሁት ሁሉ የበቀለው ይህ ነው። እኔስ ምን አልሁ? በርታ አልሁት። ምሳውንም በላሁ። ራሴን የጠላሁት በዚህ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፮

ጠዋት የሰዓዳ ቦታ ባዶ ነበር። አባቷ አደም ባለሱቅ ነው። ሄድሁ። ክብሪት ልግዛ ብዬ ጀመርሁ፤ ፈሪ ነኝና።

«አንተ ነህ የድሬው ሰውዬ?» አለኝ። የልጅቱ እጅ እንዳበጠ፣ ሁለተኛ እዚያ ትምህርት ቤት እንደማትገባ ነገረኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አቦ፣ ልጄ አላውቅም ማለቷ ነውር የለውም። አባቷም ብዙ ነገር አያውቅም። በግራ እጇ እንድትናገር ያደረጋት ማነው?»

ታደሰ የሚለው ስም አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥሁትና እኔ ነኝ አልሁ። ከመጀመሪያው ነገርሁት። አደም ለአንዲት ሴት ስኳር መዘነላት፣ በኦሮምኛ አጫወታት፣ ሸኛት። እኔ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሜአለሁ።

«እሺ፣ እሷን ያ መታት። አንተን ማን ይምታህ?» አለኝ በመጨረሻ።

ልጅቱን እልካለሁም አልልክምም ሳይል ወደ ጓዳ ገባ።

መኪናው ሳይነሣ ታደሰን አገኘሁት። ግራ ቀኙ ይቅር፣ የማያውቅም ቀኙን አንሥቶ አላውቅም ይበል፣ አንተም እንዳትመታ አልሁት። እንግዳ ሲመጣስ አለኝ። እንግዳ ሲመጣም አልሁ። «እርስዎ ከተሻገሩ በኋላ ነው ለእኛ የሚከለከለው?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እውነቱን ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት ፯

ሞላሁት። የጎደለኝ፦ «ልጅ የማያውቀውን ሳያፍር እንዲነግረኝ ማድረግ አልችልም። መደበቁን ግን አስተምሬአለሁ፤ ለሠልጣኞቼም አስተላልፌአለሁ።» የግራ እጁን ነገር በሙሉ ጻፍሁ። የታደሰን ስም አላነሣሁም። ዕቅድ፦ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ማስተማር። መጽሐፉንም ሰረዝሁ።

አቶ መኰንን አንብበው በሩን ዘጉ። ሰው የራሱን ጉድጓድ እንዲህ ይቆፍራል ወይ አሉ። ባዶ ቅጽ አወጡልኝ፤ እንግሊዝኛ ይጎድለኛል በልና ጨርሰው አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። እጄ ወደ ቅጹ ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ መለስሁት። የእኔን ቅጽ መልሰው ሰጡኝ፤ ባዶውን ለጂኦግራፊው መምህር ወሰዱለት። ባቡሩ የሱን ይዞ ሄደ።

የሺ ለማን ብለህ ነው አለችኝ። ዋሂል ላለች፣ አንድ ጊዜ ላየኋት ልጅ ብዬ ልንገራት? ለራሴ አልሁ። አላመነችኝም። ምሳ ለየብቻ በላን።

ሰኞ፣ ግንቦት ፲

ከመስከረም ጀምሮ በማሠልጠኛው የልጆች ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል እንድይዝ አቶ መኰንን ፈቀዱ። የታች ክፍል መምህራን ጥፋት አጥፍቶ ነው እየተባባሉ ነው አሉ። ይበሉ። የሺ ዛሬ አነጋገረችኝ፤ ስለ ቧንቧው ውኃ መቋረጥ ነው፣ ቢሆንም አነጋገረችኝ።

ከቀትር በኋላ የዋሂሉ መኪና ሾፌር ከታደሰ ወረቀት አመጣልኝ። ሰላምታ የለውም። እንዲህ ይላል፦

«ሰዓዳ ዛሬ መጣች። ያመጣት አባቷ ነው፤ በመስኮት ቆሞ ሲያይ አረፈደ። ቀኝ እጇን አነሣች። ስጠራት አላውቅም አለች። ከሷ በኋላ አሥራ አንድ ልጆች አላውቅም አሉ። አልመታሁም። አሁን ምን ላድርግ?»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አሁን ምን ላድርግ? ዘጠኝ ዓመት መምህራን ሳሠለጥን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ማስታወሻዎቼን ሁሉ አገላበጥሁ፤ የለበትም።

«አላውቅም» ብዬ ጻፍሁለት። «ረቡዕ በመኪናው እመጣለሁ፤ አብረን እንሞክራለን።» ወረቀቱን ለሾፌሩ ሰጠሁትና ልጆቹ ሃያ ሰባቱን እያነሡ የቀረውን እንዲቆጥሩ ሃምሳ ሁለት የእንጨት ቁርጥራጭ ልፈልግ ወጣሁ።