በስምሽ መኖሬን ስነግርሽ

ለውድ እህቴ ለእታገኘሁ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እታለም? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የምታበስዪላቸው የወደብ ሠራተኞችስ አመላቸው ደግ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማ ደብሪቱ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ሞቷል ከመባሌ በቀር ደህና ነኝ።

አትደንግጪ። ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁት ስለዚሁ ነው፤ ይዞልሽ የሚመጣው ሾፌር የታመነ ሰው ነው። ለገና እመጣለሁ ያልሽው መልእክት ደርሶናል። መልሱን ከመናገሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

በ፸፯ አጎታችን አለሜ ሲሞቱ እኔና ሚስታቸው እማ ደብሪቱ ከብልባላ ተነሥተን እህል ወደሚታደልበት ወደ ላሊበላ መምጣታችንን ታውቂያለሽ። መንገድ ላይ ማን እንደተቀላቀለን ግን አልጻፍሁልሽም። ወርቅአገኘሁ ናት። አዎ፣ የአጎታችን ቅምጥ፣ እማ ደብሪቱ ስሟን ሲሰሙ እንትፍ የሚሉባት። ሁለቱም አንድ ሰው ሞቶባቸው አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ በዚያው አብረው ቀሩ። ዛሬ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። እኔን የሚቆጡኝም እኩል ነው።

እህሉ የሚታደለው በሰው ቁጥር ነበር። መዝጋቢው ስንት ናችሁ ሲል እማ ደብሪቱ አራት አሉ። ሦስት ነበርን። አራተኛዋ አንቺ ነሽ። የት አለች ሲላቸው ታማ ተኝታለች አሉት። አንቺ አሰብ ሆነሽ ድርሻሽን እኛ በላን፤ ያ ድርሻ ባይኖር ከሦስታችን አንዳችን አንተርፍም ነበር። በመዝገቡ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ታመሽ ተኛሽ።

አምና ከፋሲካ በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። አዲሱ ካድሬ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ መዝገቡን እንጂ ሰዉን አያውቅም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ያቺ የታመመች ልጅ ትታይ ተባለ። እማ ደብሪቱ አንድ ቀን ሙሉ ሲያስቡ ውለው ሁለቱን ችግር በአንድ ቀሚስ ፈቱት። ወንድምሽ ጋሻዬ ለቀን ሥራ ቆቦ ወርዶ በወባ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እታገኘሁ ዳነች። ወንድሟ የሞተባት ሴት ራሷን ትላጫለችና ስለ ፀጉሬ የጠየቀ የለም። ፊቴን በነጠላ ሸፈንሁ፤ ሐዘንተኛ ነኛ። አቀማመጡንና አካሄዱን እማ ወርቅአገኘሁ አስተማሩኝ፤ ጉልበትሽን ሰብስቢ፣ እንደ በሬ አትርገጪ እያሉ።

ጎረቤቱ አላወቀም እንዳትዪ። ሁሉም ያውቃል። አንድም ሰው ግን አፉን አልከፈተም።

ሞት ካለ ተዝካር አለ። በሰኔ ደገስን። ከብልባላ አብረውን የተሰደዱት መምሬ ባዘዘው የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነበር ብለው ጠየቁ፤ እኔን ያጠመቁኝ ራሳቸው ናቸው። እማ ደብሪቱ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ፍትሐት እንዳይደገም ፈርተው የአጎታችንን የክርስትና ስም ሰጡ። መምሬ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ በዚያው ስም ጸለዩ። በክፉው ቀን ያለ ተዝካር የቀሩት አጎታችን እንዲህ ሆነው ተዘከሩ። ሁለቱ ሴቶች ስሙን ሲሰሙ የእውነት አለቀሱ። ጎረቤታችን ባንችይርጋ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ለውትድርና የሄደ ልጇ ወሬው ጠፍቶባታል፤ ጋሻዬ ጋሻዬ እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። ለማን እንደምታለቅስ እናውቃለን። እኔ ጠላ ቀጂ ነበርሁና ዋንጫዋን ሞላሁላት። ማዘንም መሣቅም አልመጣልኝም፤ እስከዛሬም አልመጣልኝም።

ማንበብና መጻፍ ስለምችል በክረምቱ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ አደረጉኝ። ስለ ሴቶች ጭቆና ተናገሪ ተብዬ ተናገርሁ። ከምንጩ ውሃ ስቀዳ ሰንብቼ ስለነበር የዋሸሁት ነገር የለም፤ አጨበጨቡልኝ። በጥቅምት አረጋ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ሽማግሌ ላከብኝ። እማ ደብሪቱ የወንድሟ ሙት ዓመት ሳይወጣ ምን ተደርጎ ብለው መለሷቸው። የራሴ ሞት ከጋብቻ አዳነኝ። እማ ወርቅአገኘሁ ግን ሁለት በሬ ያለው ሰው አስመለጥሽ እያሉ ይቀልዱብኛል።

በቀደም ምንጩ ዳር ከብልባላ የመጣ ሰው ጋሻዬ ብሎ ተጣራ። አልዞርሁም። ፈርቼ አይደለም። እኔን መጥራቱ ትዝ ያለኝ እንስራዬን አዝዬ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ይህን ለሁለቱም አልነገርኋቸውም።

እንግዲህ የገናው ነገር። እታለም፣ አትምጪ። ከመጣሽ እታገኘሁ ሁለት ትሆናለች፤ እኔ ወደ ጦር ግንባር፣ እነሱ ወደ እስር ቤት ነው። እማ ወርቅአገኘሁ በሌላ ስም ትምጣ፣ የእህቴ ልጅ ናት እላለሁ ብለው ነበር። እማ ደብሪቱ ግን ሳያት አለቅሳለሁ፣ ያን ጊዜ ያልቅልናል አሉ። ሦስት ዓመት አገርሽን ሳታዪ ኖረሽ፣ ከገዛ ቤትሽ በገዛ ስምሽ የምከለክልሽ እኔ ሆንሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቃሉን የጻፍሁት ስለሚገባ ነው እንጂ ውስጤ ገና ምንም አላለኝም። ሲለኝ ደግሜ እጠይቅሻለሁ።

እማ ደብሪቱ ጉንጭሽን ስመውልሻል፤ ቆላው እንዳይጥልሽ በጊዜ ብዪ ብለዋል። እማ ወርቅአገኘሁ አይተውሽ ባያውቁም ልጄ እያሉ ነው የሚያነሡሽ። መምሬ ባዘዘው በጸሎታቸው ያስቡሻል። ባንችይርጋ ሰላም ብላሻለች፤ በአሰብ ከሚያልፉት ወታደሮች መካከል ደሞዝ የሚባል የላሊበላ ልጅ እንዳለ ጠይቂልኝ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው ብላለች።

በስሜ ስፈርም ከግንቦት ወዲህ ይህ መጀመሪያዬ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

ወንድምሽ ጋሻዬ

ላሊበላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.