በእኔ ጭምብል ውስጥ የነበረው ሰው

ለታላቄ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ነው፣ ጎንበስ ቀና ማለት ቻልሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የእማዬ ሳል ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ አስጸያፊ ነገር በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ፤ ያኛውን ግን ካልተፋሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። አራት ነን፤ እኔ ጊታር እጫወታለሁ። ዘፋኝ የለን፣ ግጥም የለን፤ ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይነሳና እያበጠ እያበጠ ሄዶ ግድግዳ ሲያነቃንቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ፊልም ያያል። በስልክ ያሰማሁሽ ጊዜ ሩብ ሰዓት ሙሉ ታግሠሽ "ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?" ማለትሽን ለጓደኞቼ ብነግራቸው በሳቅ ሊሞቱ። ጭምብሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው መልካችንን ትቶ ድምፁን ይስማ ብዬ። አቤት የዋህነት! አንገት ድረስ የሚጠልቅ ግራጫ ፕላስቲክ ነው። አራቱም አንድ ሻንጣ ውስጥ ታጭቀው ይከርማሉ፣ የሚያጥባቸው የለም፤ ሻንጣው ሲከፈት የላብና የምራቅ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ይኼንን እንኳ ችዬው ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ትኩሳት ጣለኝ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ አቶ ማን ያውቃል የምንለው ሰውዬ፣ "አንተ ተኛ፣ ሦስቱ ይጫወታሉ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ቀለል ሲለኝ ሄጄ ከተመልካቹ ጋር ተቀመጥኩ። ፊቴን የሚያውቅ የለ፣ ማን ዞር ብሎ ያየኛል። መጋረጃው ሲከፈት አራት ጭምብል! በእኔ ቦታ፣ በእኔ ጭምብል፣ የእኔን ጊታር አንግቶ አንድ ሰው ቆሟል። በጫማው አወቅሁት፤ የመኪናችን ሾፌር ነው። ጣቱን ዝም ብሎ ያርመሰምሳል፤ የሚሰማው ልምምድ ላይ የተቀዳ የእኔ ጊታር ነው። እታለም፣ አባዬ ባረፈ ሰሞን የሠራሁት ዜማ እኮ ነው! አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች "ይሄ ልጅ ሐዘን ያውቃል" አለችኝ። ሾፌሩን!

ከመድረክ ጀርባ ገብቼ ጮህኩ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፣ "ማን ያውቃል? እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ፤ ከእንግዲህ ጭምብል የሚለብስ ሰው ቀጥረን በአንድ ቀን ሁለት ከተማ እንሠራለን" አይለኝም! እነዚያ ሦስቱ፣ ስንት ዓመት አንድ ክፍል አብረውኝ ያደሩት፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከበሮ መቺው ብቻ "ማንም እኮ አልነቃም" አለኝ፣ ያጽናናኝ መስሎት። ሾፌሩ ጭምብሌን አውልቆ በእጄ ሰጠኝ። ውስጡ በላቡ ርሷል፣ ሙቀቱም ገና አልወጣም። እዚያው አስመለሰኝ።

ባለፈው እሑድ ሦስቱ ጭምብላቸውን አጥልቀው ሲወጡ፣ እኔ ለማንም ሳልናገር ባዶ ፊቴን መድረክ ላይ ወጣሁና ያንኑ ዜማ ጀመርኩ። ከዚያ አንዱ "ውረድ! ትክክለኛውን አምጡልን!" ብሎ ሲጮህ አዳራሹ ተቀበለው። በገዛ ዜማዬ መሃል አስመሳይ ተባልኩልሽ። ሥራ አስኪያጁ ጊዜ አላጠፋም፤ ሾፌሩን ጭምብል አጥልቆለት፣ ሌላ ጊታር አሸክሞ ሲያወጣው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጊታሬን ሸክፌ ወጣሁ፤ አልመለስም። እነሱንም፣ ያጨበጨበውንም ሕዝብ፣ እውነቱን ልንገርሽና ያን ፕላስቲክ ያመጣሁትን ራሴንም ተጸይፌያለሁ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጆቹን በየተራ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ደግሞ ሁለቴ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን እንዴት ነህ በይልኝ። እማዬ የዚያን የታመምኩበትን እሑድ ዝግጅት ቪዲዮ አይታ "ልጄ!" እያለች ስልኩን ደጋግማ ሳመችው ብለሽ ጽፈሽልኛል። የሳመችው ሾፌሩን ነው። እንዳትነግሪያት ልልሽ ነበር፤ የለም፣ ንገሪያት። ከደብዳቤው ጋር ፎቶዬን አድርጌያለሁ። ፊቴ ከስቷል፣ ጢሜም አድጓል፤ ቢሆንም እሱን ትሳመው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን