ከብሎጌ ላይ ስለተነሣው ድልድይ

ለተከበሩ የከተማችን የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ክረምቱን እንዴት እንደያዙት እጠይቃለሁ። ቢሮዎ አስጠርተው የመከሩኝ ዕለት ክፉኛ ያስልዎ ነበርና፣ ሳሉ ለቅቆዎት ድምፅዎ እንደ ቀድሞው በየስብሰባው እንዲሰማ ምኞቴ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ብሎጌም በምክርዎ ታርሞ ማንንም የማያስቀይም፣ ለማንም የማይጠቅም ሆኖ ሰንብቷል።

ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያነቡ ሰዎች ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ይታይሽ ወልደ ገብርኤል እባላለሁ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን አማርኛ ሳስተምር ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የከተማችንን ስም በክፉ ነገር መካከል እንዳልጠራ ስላሳሰቡኝ አልጠራም፤ ከስማዳ እስከ ጋይንት ባለው አገር ካሉት ትናንሽ ከተሞች አንዷ ናት ማለቱ ይበቃል። ብሎግ በስልኬ መጻፍ የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። የምጽፈውም ትልቅ ነገር አልነበረም፤ የገብስ ዘር የት እንደሚገኝ፣ የማን ተዝካር መቼ እንደሆነ፣ ከወገዳ የሚመጣው መኪና የት ጭቃ ውስጥ እንደተያዘ፣ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ። ማንበብ የማይችሉት ደግሞ በገበያ ቀን ነስሩ ሱቅ ጎራ ይላሉ። ነስሩ የስልክ ባትሪና ካርድ የሚሸጥ ጎረቤቴ ነው፤ ሰው ሲሰበሰብለት የጻፍኩትን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

ከከተማችን በታች ባለው ወንዝ ላይ፣ በሁለት የብረት ገመድ ላይ ጣውላ ተነጥፎበት የተሠራ የእግረኛ ድልድይ እንደነበረን ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ጎርፍ ጣውላውን ጠራርጎ ወሰደው። ዘንድሮ ሰኔ መግቢያ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ገጽ ጥገናው ተጠናቅቆ ድልድዩ ለአገልግሎት ክፍት መሆኑን አበሠረን። ደስ ብሎኝ በእግሬ ወርጄ አየሁት። ገመዶቹ አሉ፤ ጣውላ የሚባል ነገር የለም። ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩና በዚያ መንገድ ማንም እንዳይመጣ ጻፍኩ። በስምንተኛው ቀን አስጠሩኝ፤ ብሎጌን የማሻሽልባቸውን ሰባት ምክሮችም በገዛ እጅዎ ጽሑፍ ሰጡኝ። ሰባቱንም ተግባራዊ አድርጌያለሁ። ውጤታቸውን ለማመስገን ያህል አምስቱን ብቻ አነሣለሁ።

፩. «አርእስትሽ ሰው አያስደንግጥ» ብለዋል። የእኔ አርእስት «ድልድዩ አልተጠገነም» የሚል ነበር። እርስዎ በቸርነትዎ «የድልድያችን ጥገና የደረሰበት ተስፋ ሰጪ ምዕራፍ» በሚል አስተካከሉልኝ። በዐሥራ ስድስት ዓመት የአማርኛ ማስተማር ዘመኔ በስድስት ቃል ብዙ ነገር መናገር የሚችል ሰው አጋጥሞኛል፤ በስድስት ቃል ምንም ሳይናገር የሚውል ግን ከእርስዎ በፊት አላየሁም። ለክፍል ልምምድ ልጠቀምበት ስለምችል ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።

፪. «ፎቶሽ ይመር፣ ብርሃን ይኑረው» ብለዋል። እውነት ነው፤ እኔ ያነሣሁት ደመና በከበደበት ቀን ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ፎቶ ግን ፀሐይ የሞላበት፣ ሰዎች እየተሻገሩበት የሚታይ ውብ ፎቶ ነው። ሣሩ ቢጫ ነው፤ በእኛ አገር ሰኔ ላይ ሣር ቢጫ ሲሆን ባላውቅም ይሁን። ከሚሻገሩት መካከል ነጠላቸውን ያጣፉት፣ መቋሚያ የያዙት ሽማግሌ የአጎቴ ባልንጀራ ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ተዝካራቸውን ራሴ በብሎጌ አስታውቄያለሁ። ጥገናው ሙታንን ጭምር ያገለገለ መሆኑ በዜናው ላይ ሳይጠቀስ መቅረቱ ትሕትናዎን ያሳያል።

፫. «የአስተያየት መስጫውን ዝጊው፤ ሥራ የፈታ ሰው ነው የሚጽፍበት» ብለዋል። ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት የመጨረሻው አስተያየት ከወንዙ ማዶ ካለ ሰው የመጣ ሲሆን «ታዲያ በየት በኩል እንምጣ?» ይላል። እኔም «በላይኛው መንገድ ዙሩ፤ አራት ሰዓት ቢፈጅም በመኪናው ድልድይ ተሻገሩ» ብዬ መልሼ ነበር። ሥራ ከፈታ ሰው ጋር የነበረኝ ንግግር በዚህ አበቃ።

፬. «ብሎግ እንደ ቤት ነው፤ ጊዜ ያለፈበትን ጽሑፍ እያነሡ ማጽዳት ያስፈልጋል» ብለዋል። ከዚያም የሚጸዳው የትኛው እንደሆነ በጣትዎ አሳዩኝ። እኔ ስዘገይብዎ፣ በጣም በረጋ ድምፅ፣ «መምህርት፣ የዘንድሮ የመምህራን ዝውውር ዝርዝር ገና አልተዘጋም አሉ፤ አንቺ ደግሞ እዚሁ የምትጦሪያቸው አባት አሉሽ» አሉኝ። ኔትወርክ አልነበረምና ኔትወርኩ እስኪመጣ ሻይ አዘዙልኝ። ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ። ሻዩን ጠጥቼ ስጨርስ ኔትወርኩ መጣ፤ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ በገዛ ጣቴ አጠፋሁት። እርስዎም «ጎበዝ» አሉኝ።

ይህን እዚህ ላይ የምጽፈው እርስዎን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ማንም እጄን አልያዘም። ፈራሁ፤ አጠፋሁት።

አባቴን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ያውቋቸዋል። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ዓይናቸው ሳይደክም ብራና ይጽፉ፣ የተሳሳተውን ፊደልም እየፋቁ ያርሙ የነበሩ ሰው ናቸው። ስልክ ይዘው አያውቁም፤ ብሎግ ማለት ምን እንደሆነ ያስረዳኋቸው ከጽሕፈት ሥራቸው ጋር እያመሳሰልኩ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ራት ላይ ነገሩን ስነግራቸው፣

«ስሕተት ነበረበት?» አሉኝ።

«የለበትም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የፋቅሽው?»

ጥያቄውን አልደገሙልኝም፤ እጃቸውን ታጥበው ተኙ።

፭. «አንባቢሽን እወቂ» ብለዋል። ከሰባቱ ምክር ሁሉ ያወቅኩበት ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላመስግንዎ።

ይርጋ የሚባል ገበሬ ከወንዙ ማዶ ይኖራል። ገብስና ባቄላ ያመርታል። ገበያ ሲመጣ አህያ ስለሚጭን ሁልጊዜም የሚዞረው በላይኛው መንገድ ነውና፣ ድልድዩን በዓይኑ ካየው ዓመት ሆኖታል። ሰኔ ላይ ነስሩ ሱቅ ቆሞ ድልድዩ አለመጠገኑን የሰማ አንዱ እሱ ነበር። ነሐሴ መግቢያ ላይ ሚስቱ ትዕግሥት ቀኗ ስለደረሰ ለሐሙስ ገበያ በመጣበት ነስሩን «እስቲ ስለ ድልድዩ የተባለውን እንደገና እይልኝ» አለው። ነስሩ ፈለገ። የእኔ ጽሑፍ የለም። የጽሕፈት ቤትዎ ዜና ግን ባማረው ፎቶ ታጅቦ በቦታው አለ። ነስሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያሰበውን ተናገረ። «መምህርቷ አንሥታዋለች። እሷ ካነሣችው እንግዲህ ተሠርቷል ማለት ነው» አለው።

ቅዳሜ ማለዳ ትዕግሥት ምጥ ያዛት። ስምንት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ተነሡ። በድልድዩ በኩል ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጤና ጣቢያ ይደረሳል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን ወረዱ። ክረምት ከገባ ወዲህ በዚያ የወረደ ሰው ስላልነበር የሚመልሳቸው አላገኙም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሁለት ገመድ አዩ። ውሃው ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልል ነበር። ይርጋ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ሁሉም ቆሙ፤ ቦታ የተሳሳቱ መሰላቸው። አንዱ በገመዱ ተንጠላጥሎ ልሞክር አለ፤ ሌሎቹ ያዙት። ትዕግሥት ከቃሬዛው ላይ ሆና «ለምን ቆማችሁ?» ብላ ጠየቀች። ቃሬዛውን አዞሩት።

ዳገቱን በዝናብ ተመልሰው ወጡ። ከዚያ በላይኛው መንገድ ዞሩ። ጤና ጣቢያ የደረሱት ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኗ ተወለደች፤ ግን አልቆየችም። አዋላጇ «ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን» ብላ ጀመረችና ፊታቸውን አይታ አልጨረሰችውም።

ይርጋ በሦስተኛው ሳምንት ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ልሰደብ ተዘጋጅቼ ነበር።

«መምህርት፣ ልወቅስዎት አይደለም የመጣሁ» አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ያነሡት ተሠርቶ መስሎዎት ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «አንሺ ተብዬ ነው።»

ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ነበር።

«እንግዲያውስ» አለ፣ «ተብዬ አንሥቻለሁ ብለው እንኳ ቢጽፉ፣ እናውቀው ነበር እኮ።»

ክቡር ሆይ፣ ስለ ብሎግ አያያዝ ከሥልጠናም፣ ከመጽሐፍም፣ ከእርስዎም ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ልጁን ቀብሮ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ከነገረኝ የሚበልጥ አላገኘሁም። እኔ ጽሑፍ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ማጥፋቴ ግን ድልድዩ እንደተሠራ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ ሆኖ ተነቧል። እርስዎ በፎቶ ዋሹ፣ እኔ በዝምታ መሰከርኩልዎ፤ ሰዎቹም ሁለታችንንም አመኑን።

ይህን ከመጻፌ በፊት ትዕግሥትን ልጠይቃት በላይኛው መንገድ ሄድኩ። አራት ሰዓት እንደሚፈጅ አረጋግጫለሁ። መደብ ላይ ተኝታ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ቆየች። ስሟን ሳልጠቅስ «አንዲት እናት» ብዬ ልጽፍ እንደምችል ነገርኳት። «አይሆንም» አለችኝ። «አንዲት እናት ካሉማ የለችም ይሏታል። ትዕግሥት ብለው ይጻፉልኝ።» ስለዚህ ጽፌያለሁ።

ከእንግዲህ ስለማደርገው ነገር ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔው ላሳውቅዎ። የሰኔውን ጽሑፍ ትናንት መልሼ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩም መቼ እንደተነሣ፣ በማን ቢሮ እንደተነሣ፣ የማን ጣት እንዳነሣው አስፍሬበታለሁ፤ ጣቷ የእኔ መሆኗን አልሸሸግሁም። አርእስቱ እንደ ቀድሞው ነው። ፎቶውም እንደ ቀድሞው ጨለም ያለ ነው። የአስተያየት መስጫው ተከፍቷል፤ እስካሁን ዐርባ ሰባት ሥራ ፈት ሰው ጽፎበታል፤ አብዛኞቹ የሌላ ወንዝና የሌላ መንገድ ዜና ይዘው መጥተዋል። ነስሩ ይህን ደብዳቤ በፊታችን ሐሙስ ለገበያተኛው እንደሚያነብ ቃል ገብቶልኛል። እምቢ ሊለኝ ይችላል ብዬ ስፈራ፣ «እኔም እኮ ተሠርቷል ብያቸዋለሁ» ብቻ ነው ያለኝ።

የዝውውር ደብዳቤዬም ደርሶኛል፤ ስለ ፍጥነቱ አደንቃለሁ። አባቴን ይዤ እንደምሄድ ይወቁልኝ። ብሎጉም በስልክ የሚጻፍ ነውና አብሮኝ ይሄዳል።

ለከተማችን መልካም ገጽታ ያለ ዕረፍት የሚደክሙ፣ ካልተሠራ ነገር ዜና መሥራት የሚችሉ፣ ስለ ሰው ሁሉ ጽሑፍ የሚጨነቁ ኃላፊ ስለሆኑልን የሚሰማኝን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ መግለጽ አልቻልኩምና፣ የቀረውን እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ እንዲያስቡት በትሕትና እየለመንኩ እሰናበትዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ዜናዎን ያመኑ ሰዎች ጎረቤት፣
መምህርት ይታይሽ ወልደ ገብርኤል
ነሐሴ ፳፯ ቀን

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ባልደረባ ደውሎ፣ በገጻችሁ ላይ የሐዘን መግለጫ ልታወጡ ስለሆነ የሕፃኗን ስም እንድነግረው በትሕትና ጠይቆኝ ነበር። ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስላልተነሣች ስም የላትም። መግለጫው ላይ ለስም የተዉት ቦታ ባዶ እንደሆነ ይውጣ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ ከወጣው ሁሉ እውነተኛው መስመር እሱ ይሆናል።