የሪራ ማር በዓይንና በአፍንጫ

እታፈራሁዬ፣

የጎባን ብርድ አልፌ ሪራ ጫካ ወርጃለሁ። ሁለት ዓይነት ማር የሚሸጡ ባልና ሚስት አገኘሁና «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው። ባልየው ሳላሕዲን ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ «ቀለሙን እያየሽው! ሌላ ምን ልንገርሽ?» አለኝ። ሚስቱ ዙሌይካ ሳቀችበት። «ኮቱ፣ ነይ ወዲህ፤ ዓይንሽን ጨፍኚና አሽትቺው» አለች። ጨፈንኩ፤ ጫካው እንዳለ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ያንኑ ማር እሱ በዓይኑ ያስረዳል፣ እሷ በአፍንጫዋ። ሲከራከሩ ይውላሉ እንጂ አይኮራረፉም።

እኛ ግን ለባልትና ቤታችን በርበሬ በመረጥን ቁጥር እንጣላለን። እኔ ፎቶ እልካለሁ፤ አንቺ «ካላሸተትኩት አይገባኝም» ትያለሽ። ናቅሽኝ ብዬ ነበር ሱቁን እንከፋፈል ያልኩት። አሁን ግን ቁርጡን ልንገርሽ፦ አንከፋፈልም! እኔ አያለሁ፣ አንቺ ታሸቻለሽ፤ ከዚህ የተሻለ ባልትና ቤት ሐዋሳ ውስጥ የለም።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን። ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ነጠብጣብ ማር ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያስነካሁት። ይህን ሁሉ ከማንበብሽ በፊት እሱን አሽትተሽዋል፤ አውቅሻለሁ።

ሙሉአለም